ሂሳቡ ከቡለን ይጀምራል

በመተከል ዞን ከቡለን ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ የሚያነሣው ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው፣ የዛሬውን ዓምዳችንን ለእሱ መልስ አድርገነዋል። ጸሐፊዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ታናሽ እኅታቸው በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አረጋውያንን በመጦር ሥራ ተሰማርታ የምትኖር ሲሆን፣ የአክስታቸው ልጅ ደግሞ ሮም ናት። እኅትየው «እስከ መቼ በስልክ ብቻ? ዘንድሮ ነይና አብረን እንክረም» ብላ ጋብዛቸዋለች። እርሳቸውም ከደመወዛቸው እየቀነሱ የጣሉት ዕቁብ ስለ ደረሳቸው፣ ፍራንክፈርትን፣ ፓሪስንና ሮምን በአንድ ጉዞ አይተው ለመመለስ አስበዋል። የባለቤታቸው ዘመዶች ግን «በዚህ ገንዘብ ቤት ይታደስበታል እንጂ አገር አይዞርበትም» ብለዋል። «እኔ ከቡለን ወጥቼ የማውቀው ባሕር ዳርንና አዲስ አበባን ብቻ ነው። ይህን ጉዞ ቤቴን ሳልጎዳ ላደርገው እችላለሁን? ከየትስ ልጀምር?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እኅትን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። መምህርት አገር አይታ ብትመለስም የምትጠቀመው እሷ ብቻ አይደለችም፤ የምታስተምራቸው ልጆችም ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የጉዞ ሂሳብ ሲያወጣ ከአውሮፕላን ቲኬት ይነሣል። እኛ የምንለው ሂሳቡ ከቦሌ ሳይሆን ከቡለን ይጀምራል፤ የሚዘጋውም እዚያው ነው። ተጓዧ ተመልሰው ቤታቸው ሲገቡ ቤቱ እንዴት ሆኖ ይጠብቃቸዋል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ ካልተመለሰ፣ ርካሽ የተባለው ጉዞ ውድ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቤት የሚቀረው

ዕቁብ ሲወጣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እጅ ስለሚገባ ከልኩ በላይ ብዙ ይመስላል። ስለዚህ አንዲት ሳንቲም ከመውጣቷ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ገንዘቡን በሦስት ቢከፍሉት መልካም ነው።

አንደኛው ክፍል ቤት የሚቀረው ነው። ይኸውም እናት በሌሉበት ወር ቤቱ የሚበላው፣ ልጅ ቢታመም የሚታከምበት፣ እንዲሁም በመስከረም ለደብተርና ለደንብ ልብስ የሚወጣው ነው። የክረምት መንገደኛ ሲመለስ የዕንቁጣጣሽ ወጪና የትምህርት ቤት ምዝገባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ይህ ክፍል በባልየው እጅ ወይም በባንክ ተቀምጦ ለጉዞው እንዳይነካ ከወዲሁ ስምምነት ሊደረግበት ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል ቪዛ ቢከለከልም የማይመለሰው ገንዘብ ነው። ለፓስፖርት፣ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ለመመላለስ፣ ወረቀት ለማስተርጎም የሚወጣው ሁሉ እዚህ ይገባል። ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሸንገን ቪዛ የማመልከቻ ዋጋ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት የአገልግሎት ዋጋ በተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። ቪዛው ቢከለከል 90 ዩሮው አይመለስም። ስለዚህ ይህን ክፍል «ቢጠፋ ቤቴ አይናጋም» ብሎ ለመናገር የሚያስችል አቅም መኖር አለበት።

ሦስተኛው ክፍል የጉዞው ራሱ ነው። የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ በከተሞች መካከል የሚከፈል መጓጓዣ፣ ማደሪያና ምግብ እዚህ ይመደባሉ። ሁለቱ ክፍሎች ከተቀነሱ በኋላ የተረፈው ለዚህ ካልበቃ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ነውር አይደለም። ለሽርሽር ተብሎ በሬ መሸጥ ወይም በአራጣ መበደር ግን አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነው።

ገንዘቡን በብር ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ 100,000 ብር የነበራት እናት ከ1,750 ዶላር በላይ ልታሰላ ትችል ነበር። ከወራት በኋላ ዶላሩ 120 ብር በሆነበት ቀን ያው 100,000 ብር ወደ 833 ዶላር ወረደ። የብሩ ቁጥር አልተለወጠም፤ የሚገዛው ግን ከግማሽ በታች ሆነ። ስለዚህ ወጪው ሁሉ በዩሮ ይጻፍ፤ በየወሩ መጨረሻ በባንክ ዋጋ ወደ ብር ይመለስ። ምንዛሪም ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዞ ከባንክ መግዛት እንጂ በየሱቁ ጓሮ መገበያየት አይበጅም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ በር

ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ኢጣሊያን ጨምሮ 29 የአውሮፓ አገሮች የሸንገን ስምምነት በሚባለው ውስጥ ስለሆኑ፣ በአንድ የአጭር ጊዜ ቪዛ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። የቪዛው ከፍተኛ ጣሪያ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ነገር ግን ኤምባሲው የሚፈቅደው ቀን ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል፣ በቪዛው ላይ የተጻፈውን የቀን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራሉ።

ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። ጠያቂያችን አብዛኛውን ጊዜ እኅታቸው ዘንድ ስለሚሰነብቱ ጉዳያቸው የጀርመን ኤምባሲ ነው። በሁለት አገር የሚቆዩበት ቀን እኩል ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚገቡበት አገር ይሆን ነበር። «የእገሌ ኤምባሲ ይቀላል» ተብሎ ሐሰተኛ የቀን ዝርዝር ማቅረብ አጉል ብልጠት ነው።

እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የቪዛ መመርመሪያው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ በማስረጃ ወረቀት ረገድም ማቅለያ እንዳይደረግ ወስኗል። የሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ ከመንግሥታችን በቂ ትብብር አላገኘሁም የሚል ነው። ውሳኔው በሚያመለክቱበት ቀን እንዴት እንደሚሠራበት ከኤምባሲው መጠየቅ ይገባል።

የዚህ ትርጉሙ ምንድን ነው? ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ከሸንገን አገሮች አንዴ የወጣ ሰው ቀኑ ቢተርፈውም ተመልሶ አይገባም። በመሆኑም «ፓሪስ ከደረስኩ ለንደን ያለችውን ጓደኛዬን አንድ ቀን አይቼ ልመለስ» ማለት አይቻልም። እንግሊዝ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ ተሻግሮ መመለሱም በሩን ይዘጋል። የጉዞው መስመር አንድ ጊዜ ገብቶ፣ ወደ ፊት እየተጓዘ፣ አንድ ጊዜ የሚወጣ ሆኖ ይሠመር። ለምሳሌ በፍራንክፈርት ገብቶ በሮም መውጣት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር፣ ለመመለሻ ብቻ ወደ ፍራንክፈርት ዞሮ የመሄድ ወጪ ይቀራል።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ሊገባ ይችላል። መምህርት እንደ መሆናቸው የሚነሡት በሐምሌ መጀመሪያ ቢሆን፣ ከጥር ወር ጀምሮ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። 45 ቀኑንና የቀጠሮውን ወረፋ አስበን መጋቢትን እንመርጣለን። ሐምሌና ነሐሴ በአውሮፓ የእረፍት ወራት በመሆናቸው ማደሪያም ቲኬትም ይወደዳሉና፣ የዘገየ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቲኬት ግን ቪዛው ሳይገኝ አይገዛ። ለማመልከቻው ቦታ የተያዘበት ወረቀት ይበቃል።

የእኅት ፊርማ

ጋባዧ እኅት በጀርመን ሕግ መሠረት የእንግዳዋን ወጪ ለመሸፈን በምትኖርበት ከተማ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርባ የኃላፊነት ግዴታ መፈረም ትችላለች። የፊርማው ዋጋ 29 ዩሮ ነው፤ የገቢዋንም ማስረጃ ታቀርባለች። ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ፊርማው ከባድ ነው። እንግዳዋ ቢታመሙና ኢንሹራንሱ ባይበቃ፣ ወይም ቀናቸው አልቆ ባይመለሱ፣ መንግሥት ያወጣውን ወጪ ከፈራሚዋ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ግዴታ እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘልቃል።

ይህን የምናነሣው ጠያቂያችንን ተጠራጥረን አይደለም። በየመንደሩ «ከሄዱ አይቀር እዚያው ይቅሩ እንጂ» የሚል አማካሪ እንደማይጠፋ ስለምናውቅ ነው። መካሪው የሚያየው የሚሄደውን ሰው ብቻ ነው። የሚቀሩትን ሁለት ልጆች፣ የሚጠብቀውን የማስተማር ሥራ፣ በሽተኛና ሽማግሌ እያገላበጠች ያገኘችውን ደመወዝ ለ5 ዓመት በፊርማ ያስያዘችውን እኅት አያይም። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ መቅረት የሚዘጋው የአንድን ሰው በር ብቻም አይደለም። ነገ ልጇን ለማረስ ወይም የልጅ ልጇን ለማየት የምታመለክት እናትም በዚያው ሚዛን ትመዘናለች። ስለዚህ በጉዞው ዕቅድ ውስጥ ከቲኬት የሚቀድመው መመለሻው ነው።

በዚያው ልክ እኅትማማቾቹ ገንዘብን በግልጽ ሊነጋገሩ ይገባል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ወደ አገር ቤት ይልካል፣ በክረምት ፈቃድ ካላገኘ እንግዳውን ቤት ትቶ ሥራ ይውላል። «መኝታና ምግብ በአንቺ፣ ቲኬትና መጓጓዣ በእኔ» ብሎ አስቀድሞ መለየት ፍቅርን አያጎድልም። ፍቅርን የሚያጎድለው በይሉኝታ ዝም ተብሎ ኋላ የሚመጣው ቅሬታ ነው።

ወረቀትና መንገድ

ኤምባሲ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለጉዞው የሚሆን አቅም መኖሩን፣ ሁለተኛው የሚመለሱበት ምክንያት መኖሩን ማወቅ ነው። ለዚህም ከትምህርት ቤቱ ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥራ መደብን፣ ደመወዝን፣ የተፈቀደውን የእረፍት ጊዜና ሥራ የሚመለሱበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃ፣ የቤት ወይም የመሬት ይዞታ ወረቀት፣ የብዙ ወራት የባንክ ሂሳብ መግለጫም ይጠየቃል። የዕቁብ ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ ሲገባ «ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የፈረሙበት ማስረጃ አብሮ ቢያያዝ ይጠቅማል። ፓስፖርቱም ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ኢንሹራንሱ በሸንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ይህን መዘርዘር ቀላል ነው፤ በቡለን ግን ወረቀቱን ማግኘት ራሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በወረዳው በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በታጣቂዎች የተገደሉበትን ቀን፣ በዚያም ዘመን በመተከል ብዙ ቤተሰብ ከቀየው የተፈናቀለበትን ጊዜ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። በዚያ መካከል ሰውም ንብረትም ሲጠፋ ወረቀትም ጠፍቷል። የጋብቻ ወረቀቱ ወይም የይዞታ ደብተሩ የጠፋበት ቤተሰብ፣ ቀጠሮ ከመያዙ ብዙ ወር አስቀድሞ ከቀበሌውና ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ምትክ ቢያወጣ ይሻላል። ይህ ሥራ ጉዞው ባይሳካ እንኳ ለቤተሰቡ ይቀራል።

መንገዱም ሌላው ሂሳብ ነው። ከቡለን በድባጤ በኩል ቻግኒ፣ ከዚያም በኮሶበር፣ በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ አድርጎ አዲስ አበባ መግባት በአንድ ቀን የሚያልቅ ተብሎ የሚታሰብ አይደለም። በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ በዝናብ መኪና የሚያዝበት ጊዜ አለ። አመልካቹ አሻራ ለመስጠት ራሱ መቅረብ ስላለበት፣ በቀጠሮው ዋዜማ መነሣት ቀጠሮን ማጣት ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን መጠባበቂያ ይያዝ፤ የእነዚያም ቀናት አልጋና ምግብ በሁለተኛው ክፍል ገንዘብ ውስጥ ይቆጠር። ለበረራውም እንደዚሁ ነው።

በዚህ መካከል «የባንክ ወረቀት እናሳብጣለን፣ የሆቴል ወረቀት እናዘጋጃለን» የሚሉ ደላሎች ይገጥማሉ። የቪዛ አመልካች አሻራና የማመልከቻው ውጤት የሸንገን አገሮች በጋራ በሚጠቀሙበት መዝገብ ለ5 ዓመት ይቀመጣል። በእውነተኛ ወረቀት የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ስለሚሰጠው አስተካክሎ እንደገና ሊያመለክት ይችላል። በሐሰተኛ ወረቀት የተያዘ ግን ስሙን ራሱ አበላሽቷል።

ሦስት ከተማ ወይስ ሁለት?

አሁን ወደ ከተሞቹ እንምጣ። ጠያቂያችን በፍራንክፈርት እኅት፣ በሮም የአክስት ልጅ አላቸው። በፓሪስ ግን ማንም የላቸውም። በዘመድ ቤት የሚታደርበት ከተማና በገንዘብ የሚታደርበት ከተማ በሂሳብ አንድ አይደሉም። በፓሪስ በጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ለሌሊት 40 ዩሮ ነው ብንል፣ አራት ሌሊት 160 ዩሮ ይሆናል። በዚያ ላይ ምግብ፣ ከፍራንክፈርት መሄጃና ወደ ሮም መሻገሪያ አለ። የሉቭር ቤተ መዘክር መግቢያም ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ ከጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ22 ዩሮ ወደ 32 ዩሮ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው። ለዚህኛው ጉዞ ፓሪስ ትቅር። ከተማ መቁጠር አገር ማየት አይደለም፤ ከባቡር ወርዶ ወደ ባቡር መሮጥም ገንዘብንና ጉልበትን ይጨርሳል።

በምትኩ ፍራንክፈርትን ቤት አድርገው፣ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱባቸውን ከተሞች ይዩ። ጀርመኖች በመላ አገሪቱ በከተማ አውቶቡስ፣ በከተማ ባቡርና በየጣቢያው በሚቆሙ ባቡሮች ለአንድ ወር የሚያገለግል አንድ ቲኬት አላቸው። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. በ49 ዩሮ ተጀምሮ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 63 ዩሮ ሆኗል። በፈጣኖቹ ባቡሮች አያገለግልም፤ በየወሩም ራሱን የሚያድስ በመሆኑ፣ እኅትየው ስታወጣላቸው የማቋረጫውን ቀን አስቀድማ ልታውቅ ይገባል። ወር ሙሉ ለሚመላለስ እንግዳ ግን ትልቅ ቁጠባ ነው።

ለመምህርት ደግሞ በዚህ መስመር ላይ ልዩ ነገር አለ። ከፍራንክፈርት አጠገብ ያለችው ማይንዝ፣ ጉተንበርግ በ15ኛው መቶ ዓመት በተንቀሳቃሽ ፊደል የኅትመትን ሥራ የጀመረባት ከተማ ናት። በራይን ወንዝ ወደ ታች ሲወረድ ኮሎኝ ትገኛለች። የኮሎኝ ካህን የነበረው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ሳለ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ እዚያው ሮም አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1518 ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን ግእዙን ጨምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በኮሎኝ አሳትሟል። በፊት የመጡት መነኮሳት በእግርና በመርከብ ኢየሩሳሌምን አልፈው ሮም የደረሱ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሮም ላይ አሳትመዋል። ዛሬ በቡለን ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሀ ሁ በብረት ተቀርጾ መታተም የጀመረው እንግዲህ በዚህ መስመር ነው። ይህን በዓይን አይቶ ለተማሪ መንገር ፓሪስን ካለማየት ጋር ሲመዘን አይቀልም።

በሮምም ነጻ የሆነውን ያስቀድሙ። የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ለማየት አይከፈልም፤ ወረፋ ግን ስላለ በማለዳ መሄድ ያሻል። ከጀርባው መነኮሳቱ ያረፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ በመሆኑ ግን ያለ ፈቃድ አይገባም። በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ከዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ፊት ለፊት፣ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ያያሉ። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ተተክሏል። ከዚያ ሳይርቅ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን የጨረሰበት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚታየው ሳይከፈል ነው።

ቀኑን እኛ ብናከፋፍለው፣ 18 ቀን ፍራንክፈርትና አካባቢው፣ 9 ቀን ሮም፣ በድምሩ 27 ቀን ይሆናል። ከፍራንክፈርት ወደ ሮም በምድር ረጅም ስለሆነ በርካሽ አውሮፕላን መሄድ ይቀላል። ነገር ግን ርካሽ አውሮፕላኖች ለሻንጣ ለብቻው ስለሚያስከፍሉ የቲኬቱ ዋጋ ከሻንጣው ጋር ተደምሮ ይታይ። የሚደርሱበትም ሰዓት ቀን ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት በሌሊት ከሚያደርስ ርካሽ ቲኬት በቀን የሚያደርሰው ይሻላል።

ሻንጣና ሰዓት

ከእናት ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ይሁን እንጂ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ እጅ ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ ቋንጣውም፣ የተነጠረው ቅቤም፣ አይቡም እኅትዎ ዘንድ አይደርሱም፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳሉ፣ ቅጣትም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ድረስ ተፈቅዷል። የመተከል ማር ያለበት ሰው ስለ ስጦታ መጨነቅ የለበትም። በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽገው፣ ምንነታቸው ተጽፎባቸው ይያዙ። ጎረቤት «ለልጄ አድርሺልኝ» ብሎ የሚሰጠው ጥቅል ተፈትቶ ሳይታይ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የተጠየቀው ሰው ሻንጣው የማን ነው ተብሎ እንጂ ዕቃው የማን ነው ተብሎ አይደለም።

ስለ ሰዓትም አንድ ቃል። በአውሮፓ ጣቢያ «14:30» ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30 ነው። ክረምት ላይ የፍራንክፈርትና የሮም ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በቲኬት ላይ ያለው ቀንም በእነርሱ ዘመን አቆጣጠር ነውና፣ እያንዳንዱ ቲኬት ጀርባ ላይ ሰዓቱንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ መያዝ ባቡር ከማጣት ያድናል። ድንበር ላይም ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተተከለው አዲስ አሠራር የመንገደኛ መግቢያና መውጫ ቀን በኮምፒዩተር ስለሚመዘገብ፣ «አንድ ቀን ባልፍ ማን ያውቃል» የሚባል ነገር የለም።

በመጨረሻም ለባለቤትዎ ዘመዶች አሳብ መልስ አለን። ቤት ይታደስ ማለታቸው ክፉ አሳብ አይደለም። ከላይ የዘረዘርነውን የሂሳብ ወረቀት ይዘው ከባለቤትዎ ጋር አብረው ያነጋግሯቸው። ቤት የሚቀረው ገንዘብ፣ ቢከለከል የሚጠፋው ገንዘብና የሚመለሱበት ቀን በግልጽ ተጽፎ ያየ ሽማግሌ፣ የማይስማማ እንኳ ቢሆን ጉዞው የድንገት ምኞት አለመሆኑን ይረዳል። ደግሞም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ወረቀቱ ዘንድሮ ካልተሟላ ጉዞው ለከርሞ ይደር። እኅትም፣ ፍራንክፈርትም፣ ሮምም የትም አይሄዱም። የተሰበሰበው ወረቀትና የተጠበቀው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ ነው።

ሌሎች አንባብያንም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ዘመድ ለመጠየቅ ስትነሡ በምን ቆጥባችሁ፣ በየትስ ተቸግራችሁ እንደ ነበር ብትጽፉልን ለሚከተሏችሁ እኅቶች ትምህርት ይሆናልና፣ ደብዳቤያችሁን እንጠብቃለን። ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ በደኅና ሰንብቱ።